ውሃው የዘገየባቸው ዘጠኝ ቀናት

ሉበርት ሃርመንስ በክሮምዳይክ መንደር የግድብ ጠባቂ ነበር። አባቱም ጠባቂ ነበር፣ አያቱም እንዲሁ። ጠዋት ጠዋት ረጅሙን የአፈር ግድብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄድበታል፤ ፍልፈል የቆፈረውን ይደፍናል፣ ሣሩ የተላጠበትን በአዲስ ሣር ያለብሳል፣ ብርዱ ሲገባ ደግሞ ወንዙ ስንት ጣት እንደ ጨመረ እንጨት ተክሎ ይለካል። የመንደሩ መሬት፣ የባሕር ውሃ ከሚገባበት ከወንዙ ከፍታ በታች ነው። ግድቡ ቆሞ እስካደረ መንደሩም ያድራል። ስለዚህ በክሮምዳይክ የሚያልፍ የሚያገድም ሁሉ ለሉበርት ባርኔጣውን ያነሣለት ነበር፤ እሱም ደግ ሰው፣ ቁጥብ ሰው፣ ቃሉ የሚታመን ሰው ነበር። እስከዚያች በጋ ድረስ ማለት ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት ባሕሩ ከማዕበል ጋር መጥቶ ግድቡን በሦስት ቦታ በጥሶት ነበር። ያን ጊዜ የሉበርት አባት ከነላሞቹ ሰጠመ። ውሃው ሲሸሽ መሬቱን በጨው አቃጥሎ ሄደ። ሉበርትና ሚስቱ ኔልቸ ያን ጨው ከማሳቸው ለማውጣት ስድስት ዓመት ፈጀባቸው። ቦይ ቆፈሩ፣ የዝናብ ውሃ አሳለፉበት፣ ፍግ ተሸክመው አለበሱት። መጀመሪያ የበቀለው እሾህ ነበር፤ ቀጥሎ ቀጫጫ ሣር መጣ። በስድስተኛው ዓመት ግን ገብስ ዘሩና ገብሱ ደረት ድረስ ቆመ። ኔልቸ ማሳው ዳር ቆማ ዘለላውን በመዳፏ እያሸች፣ “አንተ ሰው፣ እኔ እኮ ይህን ሳላይ የምሞት መስሎኝ ነበር” አለችው።

አገሩ ግን በጦርነት ላይ ነበር። የስፔን ንጉሥ ወታደሮች የኦስተርዋርድን ከተማ ከበው አራት ወር ሆኗቸዋል። ከተማዋ ከክሮምዳይክ የግማሽ ቀን መንገድ ናት፤ ሰማዩ ሲጠራ የደወል ማማዋ ከግድቡ ላይ ይታያል። የኔልቸ ታናሽ እህት ማሪከን እዚያ ውስጥ ናት፤ ባሏ ፍሎሪስ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ትሬይን የምትባል የአራት ዓመት ልጅ አለቻቸው። ከከተማዋ የሚወጣ ወሬ ጥሩ አልነበረም። መጀመሪያ ፈረሶቹን በሉ፣ ቀጥለው ውሻ፣ አሁን ደግሞ የዛፍ ቅጠል ቀቅለው ይጠጣሉ ተባለ።

በዚያ ረባዳ አገር በስፔን ላይ መጀመሪያ ሰይፍ ያነሣው ባላባት የአሰልበርግ ጌታ ዲደሪክ ነበር። ታላቅ ወንድሙን ስፔኖች አንገቱን ቀልተውታል። የአባቱን የብር ሳሕን ሳይቀር ሸጦ ባሩድ ገዝቶበታል። ረጅም፣ አንድ ትከሻው ዘንበል ያለ፣ እጅጌው በክር የተጠገነ ሰው ነው፤ ሲያዩት የወታደር አለቃ ሳይሆን ርስቱን የተነጠቀ የአገር ሽማግሌ ይመስላል። ከከበባው ጦር ጋር ሜዳ ላይ ለመግጠም ሰው አልነበረውም። ጀልባ ግን ነበረው፤ ሆደ ጠፍጣፋ ጀልባዎች፣ እህልና ዓሣ የተጫኑ። የጎደለው ውሃ ብቻ ነው። ግድቡ ተቆርጦ ሜዳው ባሕር ቢሆን ጀልባዎቹ እስከ ከተማዋ ግንብ ይደርሳሉ፤ ስፔኖቹም ከመሸጉበት ጉድጓድ ተጥለቅልቀው ይወጣሉ።

ገብሱ ለአጨዳ ዐሥር ቀን ሲቀረው ጌታ ዲደሪክ ሃያ አካፋ የያዙ ሰዎች አስከትሎ በግድቡ ላይ መጣ። ሉበርት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ተቀበለው።

“ሉበርት የምትባለው አንተ ነህ?” አለ ባላባቱ ከፈረሱ እየወረደ።

“እኔ ነኝ ጌታዬ።”

“ይህን ግድብ እንደ አንተ የሚያውቀው የለም ብለውኛል። የት ብቆርጠው ነው ውሃው ቶሎ ከተማው የሚደርስ?”

ሉበርት መልሱን ያውቀዋል። ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ከዚያ ጀምሮ እስከ ከተማዋ ድረስ ዝቅ ያለ መሬት እንደ ገበቴ ተዘርግቷል። እዚያ ቢቆረጥ ውሃው በሁለት ቀን ግንቡ ሥር ይደርስ ነበር። ከመታጠፊያው በታች ያለው የመጀመሪያው ማሳ ደግሞ የሉበርት ነው።

እጁን ወደ ምሥራቅ ዘረጋ። “እዚያ ነው ጌታዬ። ከወፍጮው ማዶ።”

“እዚያ አንድ አሮጌ የውስጥ ግድብ የለም እንዴ? ካርታው ላይ አይቻለሁ።”

“ነበረ። ጎርፉ ጠርጎት ሄዷል።”

ጎርፉ ጠርጎት ነበር፤ እውነት ነው። ከአራት ዓመት በፊት ግን መልሶ የደፈነው ራሱ ሉበርት ነው።

ከወፍጮው ማዶ ያለው መሬት ሂሌ የምትባል የአንዲት ባልቴት ነበር። ነገሩን እንደ ሰማች ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች መጣችና ከባላባቱ ፈረስ ፊት ቆመች። “ጌታዬ፣ በኔ በኩል ውሃው አይሄድም፤ አሮጌው ግድብ ይይዘዋል። ዝቅ ያለው መሬት በመታጠፊያው በኩል ነው። ላም እንኳ ያውቀዋል።”

ጌታ ዲደሪክ ሉበርትን አየው። ሉበርት ‘አይደለም’ በሚል አንገቱን ነቀነቀ። ባላባቱ ድምፁን አለስልሶ፣ “እናቴ፣ ማሳሽን ማጣት እንደሚከብድሽ ይገባኛል። ከተማ ሙሉ ሰው ግን እየሞተ ነው” አላትና ፈረሱን አዞረ። ሂሌ ከፈረሱ መንገድ ገለል አለች። ሉበርትን ብቻ ቆማ አየችው፤ እሱ የባርኔጣውን ጠርዝ ያይ ነበር።

ከቀትር በፊት ግድቡ ተቆረጠ። ውሃው መጀመሪያ እንደ ክር ገባ፣ ቀጥሎ እንደ ገመድ፣ ከዚያ አፈሩን ይዞ ተንዶ ወረደ። የሂሌ ጎመን፣ የሂሌ የፖም ዛፎች፣ የሂሌ የዶሮ ቤት ሁሉ ውሃ በላው።

ሉበርት ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ፣ “ነገ አጨዳ እንጀምራለን” አላት።

“ገና አረንጓዴ አይደል እንዴ?”

“ጦርነት ነው። ያገኘነውን እናግባ።”

ኔልቸ ማጭዷን አወረደች። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም።

በአራተኛው ቀን አንድ ጀልባ ቀዛፊ በማሳው ዳር ሲያልፍ ወሬውን ነገራቸው። ውሃው አሮጌው ግድብ ጋ ደርሶ ቆሟል፤ ከጉልበት አይበልጥም፤ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጌታ ዲደሪክም በንዳድ ታሞ ከጀልባ ውስጥ ተኝቶ ያዝዛል። “ሰዎቹ ግራ ገብቷቸዋል” አለ ቀዛፊው። “ውሃ ቁልቁል ይሄዳል ይባል ነበር፤ የክሮምዳይክ ውሃ ግን እምቢ አለ።”

ሉበርት ነዶውን እያሰረ ነበር። ማሰሩን አላቆመም። ነገ እሄዳለሁ አለ በልቡ፤ ነገ ሄጄ ተሳስቻለሁ እላለሁ። በማግስቱም ነገ አለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው አንዱ ቀን ሌላውን እየሳበ ወሰደው። በስድስተኛው ቀን የደወል ማማውን ላለማየት ጀርባውን ለከተማዋ ሰጥቶ አጨደ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት የመጨረሻው ጋሪ ጎተራ ገባ። ሉበርት ላቡን ጠረገ፣ አካፋውን ከግድግዳው ላይ አነሣና ወደ መታጠፊያው ሄደ። ጸጸቱ ነው ያስነሣው ወይስ ገብሱ ስለገባ? ኋላ ይህን ጥያቄ ለራሱ ሺህ ጊዜ ጠይቆታል፤ አንድም ቀን እርግጠኛ ሆኖ መልስ አላገኘም። ብቻውን መቆፈር ጀመረ። የመንደሩ ሰዎች አይተው መጡ፤ የገዛ ማሳውን ሊያሰጥም መሆኑ ሲገባቸው አካፋቸውን ይዘው ከጎኑ ገቡ። አንዱ ሽማግሌ እንባውን እየጠረገ፣ “ሉበርት፣ አባትህ ቢያይህ ይኮራ ነበር” አለው። ግድቡ ሲናድ ውሃው በታጨደው ማሳ ላይ እየተንከባለለ ወደ ከተማዋ ነጎደ። በዐሥራ አንደኛው ቀን ስፔኖቹ መድፋቸውን ጭቃ ውስጥ ጥለው ሸሹ።

ሉበርትና ኔልቸ ከመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች ጋር ኦስተርዋርድ ገቡ። ኔልቸ ከአዲሱ ገብስ ጋግራ ስድስት ዳቦ ይዛለች። መንገዱ ላይ ሰው ተቀምጦ ነበር፤ ለመነሣት አቅም ያጣ ሰው። ማሪከንን በቤቷ በር ላይ ቆማ አገኟት፤ ፊቷ አጥንት ብቻ ቀርቷል። ኔልቸ ወደ ውስጥ አየት አድርጋ፣ “ትሬይንስ?” ስትል ማሪከን ራሷን ነቀነቀች። ፍሎሪስም የለም። ባሏን አምስተኛው ቀን ላይ፣ ልጇን ሰባተኛው ቀን ላይ ነው ያጣችው፤ ግድቡ ተቆረጠ የሚለው ወሬ በርግብ ከገባ ጀምሮ ከተማው ሁሉ ቀን ይቆጥር ስለነበር ማንም ሲጠየቅ እንዲህ ብሎ ነው የሚናገረው።

ማሪከን ዳቦውን ቆርሳ ዓይኗን ጨፍና አላመጠች። ከዚያ የሉበርትን እጅ ይዛ ሳመችው። “ማሳህን ለኛ ብለህ አሰጠምክ አሉኝ” አለችው። “እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ።”

ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እጁን ቀስ ብሎ ሳበ፤ አፉን ግን አልከፈተም።

በሚቀጥለው እሑድ ጌታ ዲደሪክ፣ ንዳዱ ገና ሳይለቀው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በሕዝብ ፊት ሉበርትን ከጎኑ አቆመው። “እኔ ባላባት ነኝ፤ ብር ሰጠሁ” አለ። “ይህ ሰው ግን ስድስት ዓመት የለፋበትን መሬት ሰጠ። ከኔና ከሱ ማን ይበልጣል?” ሕዝቡ ባርኔጣውን አነሣ። ከሰዎቹ ኋላ ሂሌ ቆማለች፤ እጇን አጣጥፋ። ሲበተኑ በአጠገቡ እያለፈች፣ “ሉበርት፣ ውሃ እንኳ መንገድ ሲጠይቅህ ትዋሸዋለህ ማለት ነው?” አለችው በሹክሹክታ። ከዚያ በላይ ለማንም አልተናገረችም። ማን ይሰማኛል ብላ ይሆናል። እሱ ግን ቢነገርበት ይሻለው ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ሉበርት ከቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረ፤ ሰዎች “እንዴት ያለ ትሑት ነው” አሉ። መጠጥ ቤት ሲገባ ቢራ ይቀዱለት ነበርና መግባቱን ተወ፤ እሱንም ትሕትና አሉት። አንድ ቀን ከኔልቸ ጋር በመሻገሪያ ጀልባ ወደ ሩቅ ገበያ ሲሄዱ አንድ ዓሣ ነጋዴ ለተሳፋሪው ወሬ ያወራ ጀመር።

“የክሮምዳይኩን ሰው ሰምታችኋል? ገብሱ ደረቱ ድረስ ቆሞ ሳለ፣ ዘለላው ወርቅ መስሎ ሳለ፣ እያለቀሰ ግድቡን ቆረጠው። የአሰልበርግ ጌታ በኛ መንደር መጥቶ ነገረን። እኛም አፈርንና የኛን ቆረጥን።”

“ገብሱን ሳያጭድ?” አለች አንዲት ሴት።

“አንዲት ዘለላ ሳያነሣ።”

ሉበርት ኔልቸን ሰርቆ አያት። ኔልቸ ውሃውን ታይ ነበር፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። ያን ጊዜ ገባው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጠየቀችው ስለማታውቅ አልነበረም።

ከገበያው አልተመለሰም፤ ኔልቸን በጀልባ ሸኝቶ ጌታ ዲደሪክ ወደ ሰፈረበት ከተማ በእግሩ ሄደ። ባላባቱ በተከራየው ቤት ማድ ቤት ውስጥ እግሩን የሞቀ ውሃ ውስጥ ነክሮ ደብዳቤ ሲያነብ አገኘው። አርጅቷል። ፊቱ ግን በራ።

“የክሮምዳይኩ ሰው። ና ቁጭ በል።”

“ቆሜ ይሻለኛል ጌታዬ።”

ቆሞም ተናገረው። ስለ መታጠፊያው፣ ስለ አሮጌው ግድብ፣ ስለ ነዶው፣ ስለ አራተኛው ቀን።

“ገብሱስ?” አለ ባላባቱ።

“ሁሉም ገባ።”

“አንዲት ዘለላ አልቀረም?”

“አልቀረም ጌታዬ። ይቅጡኝ።”

ጌታ ዲደሪክ እግሩን ከውሃው አውጥቶ እስኪደርቅ ወለሉ ላይ አሳረፈው። “ይህን ታሪክ አሥራ አራት መንደር ውስጥ ተናግሬዋለሁ” አለ። “አሥራ አራት መንደር ሰው በአንተ አፍሮ ቤቱን አሰጥሟል። አሁን ምን ልበላቸው?”

ባላባቱ ደብዳቤውን አጥፎ አስቀመጠ።

“ያቺ ባልቴት ደግሞ ነግራኝ ነበር። ስለ ጎመኗ የምታለቅስ መስሎኝ ፈረሴን አዞርኩባት። ከአንድ ወንድ አንገት መነቅነቅ የእሷን ቃል አሳነስኩት።” ባላባቱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲገልጠው ዓይኖቹ ቀልተው ነበር። “ስለዚህ ፈራጅ አታድርገኝ። ብቀጣህም አንተ ነህ የምታርፈው። እኔ ጋ የመጣኸው ደግሞ እኔ ልጅ ስላልቀበርኩ ነው። እውነት አይደለም?”

“እውነት ነው ጌታዬ።”

“ለቀበረችው ሂድ።”

ሄደ። ማሪከን የባሏን ምድጃ ራሷ እያነደደች ዳቦ ትጋግር ነበር፤ ክንዷ ድረስ ዱቄት ሆናለች። እሱን ስታይ ወንበር ሳበችለት። አልተቀመጠም። ነገራት። እየነገራት ሊጡን ማሸቷን አላቆመችም፤ እጇ ብቻ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄደ።

“ጀልባዎቹ መቆማቸውን መቼ ነው የሰማኸው?”

“አራተኛው ቀን ላይ።”

“አራተኛው ቀን ላይ ፍሎሪስ ተቀምጦ ያወራ ነበር” አለች። ለራሷ እንደምትናገር ነበር። “ትሬይን ደግሞ ጫማዬን ልብላ ትለኝ ነበር። ቆዳ ነው እማዬ፣ ከላም ነው የተሠራው ትለኛለች።” ሊጡን ገለበጠችው። “እህቴ ታውቃለች?”

“አልነገርኳትም።”

“ነግረሃታል ወይ አላልኩህም።”

“ታውቃለች።”

“ያ ያመጣችሁልኝ ዳቦ፣ ከዚያ ገብስ ነው?”

ሉበርት አንገቱን ደፋ። ማሪከን ወደ ባልዲው ሄዳ እጇን ታጠበች። አንዴ ታጥባ ስታበቃ እንደገና ታጠበች። “ውጣልኝ” አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

በሳምንቱ ከተማው ሁሉ አወቀው። ሉበርት ሃርመንስ የሚለው ስም ቀረና “ዘጠኝ ቀን” ተባለ። ገበያ ሲወጣ ዓሣ ሻጮቹ፣ “ዘጠኝ ቀን መጣ፤ ዓሣውን ደብቁ፣ እስኪገዛ ይሸታል” ይሉታል። ቢራ የሚቀዱለት ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ። የግድብ ጠባቂነቱን ሊነጥቁት ሸንጎ ተቀመጡ፤ እንደ እሱ የሚያውቅ ሰው ባለመገኘቱ ብቻ ተዉት፤ ያም አንድ ሌላ እፍረት ሆነበት። ኔልቸ አልተለየችውም፤ አላጽናናችውምም። አንድ ቀን ብቻ ጎመን እየከተፈች፣ “እኔም አጭጃለሁ” አለች። “ማጭዱ በእጄ ነበር።”

ሂሌ ጋ ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ። መሬቷ ገና በጨው ነጭ እንደሆነ ነው። ሂሌ ከደጃፏ ሳትነሣ አዳመጠችው።

“ዘግይተህ መጣህ” አለችው። “ግን አንተ ከመቼ ወዲህ ነው በጊዜ የምትመጣው?”

“ምን ላድርግ ሂሌ?”

“አፍህን ዝጋና ቦይ ቆፍር።”

ሦስት ዓመት ቆፈረ። በማለዳ የራሱን የግድብ ሥራ ይጨርስና ከቀትር በኋላ የሂሌን ጨው ሲያወጣ ይውላል። አንዳንዴ ከኋላው ቆማ ቦዩ ጠማማ ነው ትለዋለች፤ ያቃናዋል። ምሳ አንድም ቀን አላቀረበችለትም። በሦስተኛው ዓመት ሣር ሲበቅል፣ “በቃ፣ አሁን ሂድ” አለችው።

ጌታ ዲደሪክ ጦርነቱ ሳያልቅ በጦር ሰፈር ውስጥ በዚያው ንዳድ ሞተ። ከመሞቱ በፊት በሄደበት መንደር ሁሉ ታሪኩን ለውጦ ይናገር እንደነበር ለሉበርት የነገሩት ከሠራዊቱ የተመለሱ ሰዎች ናቸው። “አንድ ሰው ዋሸኝ፣ አንዲት ሴት እውነቱን ነገረችኝ፤ እኔም የምወደውን መርጬ ሰማሁ” ይል ነበር አሉ። የሉበርትን ስም አይጠራም፤ የራሱን ግን ይጠራል። እንዲህ ሲናገር ግድባቸውን የሚቆርጡ መንደሮች አነሱ አሉ። እሱም ያን እያወቀ መናገሩን አልተወም።

ማሪከን ከእህቷ ጋር ትገናኝ ነበር፤ ሉበርት ባለበት ቤት ግን አትገባም። ሰባት ዓመት አንድ ቃል አልተለዋወጡም። በሰባተኛው ዓመት መኸር ከሰሜን ምዕራብ ኃይለኛ ነፋስ ተነሣና ወንዙ እስከ ግድቡ ጫፍ ሞላ። ከከተማዋም ከመንደሮቹም ሰው ሁሉ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ተሰልፈው ጭቃ የተሞላ ቅርጫት ከእጅ ወደ እጅ አቀበሉ። ሉበርት ወደ ቀኝ ሲዞር ቅርጫቱን የምታቀብለው ሴት ማሪከን ነበረች። ፀጉሯ ሸብቷል። ሁለቱም ደነገጡ፤ ሰልፉ ግን አይቆምም፣ ከኋላ ሰው ይገፋል።

“ከሥሩ ያዘው” አለችው። “መያዣው ሊበጠስ ነው።”

ከሥሩ ያዘው። ቀጣዩንም አቀበለችው፣ ከዚያም ቀጣዩን። እስኪመሽ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ነፋሱ ሲበርድ ማሪከን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ከከተማዋ ሰዎች ጋር ሄደች። ሉበርት ግድቡ ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ከሰበሰበ በኋላ የተጨመረውን ጭቃ በእግሩ እየረገጠ ያጠብቅ ጀመር፤ ገና እርጥብ ነበርና ሊንሸራተት ይችላል።